ኮፈኑን ክፈቱልን

ሞተር ማነሱ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ያነሰውን ሞተር በድሮው ትልቅ ቁጥር ሸፍኖ፣ በድሮው ዋጋ ላይ ጨምሮ መሸጥ ነው። የቢኤምደብሊው ባለ 3 ቁጥር፣ የመርሴዲስ ሲ ክላስና ሲኤልኤ፣ የአውዲ ኤ3 እና ኤ4፣ የሌክሰስ አይኤስ፣ በቅንጦት መኪና ቤት ደጃፍ ላይ የተደረደሩት እነዚህ ሴዳኖች ከአሥር ዓመት በላይ ሲሊንደር ወይም ሊትር እየቀነሱ ዋጋ እየጨመሩ መጥተዋል። ከማሳነሱ የተገኘው ትርፍ ወደ ፋብሪካው ገባ። ዕዳው ግን መኪናውን ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኖ ለሚገዛው ሰው ተላለፈ። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ የዚህን መኪና ጉዞ ያውቀዋል። አዲሱን ሌላ ሰው በሊዝ ይወስደዋል፣ ሦስት ዓመት ይነዳዋል፣ ዋስትናው ሳያልቅ ይመልሰዋል። ከዚያ መኪናው ታጥቦና ተወልውሎ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ከጊዜ በኋላ ዋጋው ከአዲስ ካምሪ በታች ይወርዳል። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ወይም በነርስ ረዳትነት ድርብ ፈረቃ እየሠራ ልጆቹን ኮሌጅ ያስገባ ሰው ይመጣና ይገዛዋል። በዚህ ምርጫው ማንም እንዲሳለቅበት አልፈቅድም። ያንን ወንበር በላቡ ያገኘው ነው። መኪናውን በደስታ እየዳሰሰ ለጓደኞቹ ሲያሳይ አብሬው ደስ ይለኛል። የምቆጣውም ለእሱ ነው፤ ምክንያቱም ከኮፈኑ ሥር ያለውን ነገር በግልጽ የነገረው የለም።

ከቁጥሩ እንጀምር። ድሮ ከመኪናው ኋላ የተለጠፈው ቁጥር ቃል ኪዳን ነበር። መርሴዲስ 190 ኢ 2.3 ብሎ ከጻፈ ውስጡ 2.3 ሊትር ሞተር አለ። የ1980ዎቹ የቢኤምደብሊው 318አይ 1.8 ሊትር፣ 325አይ ደግሞ 2.5 ሊትር ነበር። መካኒኩም፣ ገዢውም፣ መለዋወጫ ሻጩም ያንኑ ቁጥር አንብበው ያንኑ ነገር ይረዱ ነበር። ዛሬ ያ ቃል ኪዳን የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ የገባው 328አይ በውስጡ የያዘው 1,997 ሲሲ አራት ሲሊንደር ተርቦ፣ ማለትም አየር እየታመቀለት የሚሠራ ሞተር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 328አይ ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.0 ሊትር ነበር። ሞተሩ አንድ ሊትርና ሁለት ሲሊንደር አጣ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ኩባንያው ከ1999 ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ በቢኤምደብሊው ስም አራት ሲሊንደር አልሸጠም ነበርና ገዢው ቁጥሩን ሲያይ ስድስቱን ቢያስብ የሚወቀስ አይደለም። መርሴዲስም እንዲሁ ነው፤ በ2021 የመጣው ሲ 180 እና ሲ 200 ሁለቱም 1.5 ሊትር ናቸው፣ ሲ 300 ደግሞ 2.0 ሊትር። አውዲ በ2017 ከነጭራሹ 30፣ 35፣ 40፣ 45 የሚሉ ቁጥሮች አመጣ፤ ሊትሩን የማይናገሩ፣ የፈረስ ጉልበቱንም በቀጥታ የማይናገሩ ቁጥሮች።

ይህን ሁሉ የመሐንዲስ ጥበብ ነው ይሉናል። ጥበብ እንዳለበት አልክድም። አንድ ሲሊንደር ግማሽ ሊትር አካባቢ ሲሆን ቃጠሎው ጥሩ እንደሚሆን ከመሐንዲሶቹ ተምረናል፤ አራቱ ሁለት ሊትር፣ ሦስቱ አንድ ተኩል ይሆናሉ። ግን ከጥበቡ ጎን የግብር ሠንጠረዡንም ዘርግታችሁ እዩ። የቻይና መንግሥት ከ2008 ጀምሮ ባስከፈለው የፍጆታ ግብር ከ1.0 እስከ 1.5 ሊትር ሞተር 3 በመቶ፣ እስከ 2.0 ሊትር 5 በመቶ፣ እስከ 2.5 ሊትር 9 በመቶ፣ እስከ 3.0 ሊትር 12 በመቶ ይከፍላል። ከ3.0 ሲያልፍ ወደ 25 በመቶ፣ ከ4.0 ሲያልፍ ወደ 40 በመቶ ይዘላል። ቻይና ደግሞ የመርሴዲስና የቢኤምደብሊው ትልቋ ገበያ ናት። አሁን ሞተሮቹን እንቁጠር፦ የቢኤምደብሊው ሦስት ሲሊንደር 1,499 ሲሲ፣ የመርሴዲሱ ትንሹ 1,497፣ የአውዲው 2.0 ሊትር 1,984፣ የመርሴዲሱ 2.0 ሊትር 1,991፣ የቢኤምደብሊው 1,997። ሁሉም ከድንበሩ በጥቂት ሲሲ ዝቅ ብለው ቆመዋል። ቱርክ ውስጥ ግብሩ 1,600 ሲሲ ላይ ስለሚዘል ቢኤምደብሊው በ320አይ ስም 1.6 ሊትር ሞተር ሸጦላቸዋል። ያው 320አይ ሌላ አገር 2.0 ሊትር ነው። በስድስት ዓመት ብድር አንገቱን ለሚያስገባ ገዢ ይህ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ መኪናው የተለካው በእሱ ፍላጎት ብቻ አልነበረም።

አውሮፓም በበኩሏ አምራቾቹን ወደ ትንሽ ሞተር ገፋች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአምራቾች መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ130 ግራም፣ በኋላም ከ95 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳያወጡ ደነገገ። ከዚህ ያለፈ አምራች በእያንዳንዱ መኪና፣ በእያንዳንዱ ትርፍ ግራም 95 ዩሮ ይቀጣል። ዓላማው መልካም ነው፤ ልጆቻችን የሚተነፍሱት አየር ነው። ጉዱ ያለው መለኪያው ላይ ነበር። እስከ 2017 ድረስ መኪናው የሚፈተነው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሮለር ላይ ቆሞ፣ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነበር። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማው ክፍል መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 26 ሰከንድ ይሰጠዋል። ሃያ ስድስት ሰከንድ! ኋላው የቆመ አሽከርካሪ ጡሩምባውን ሳይነፋ ይህን ያህል የሚታገስ የት አገር አለ? በእንዲህ ያለ ለስላሳ ፈተና ትንሽ የተርቦ ሞተር ይነግሣል፤ ተርቦው ብዙም ሳይሠራ፣ ነዳጅ ሳይጠማው ያልፋል። አውራ ጎዳና ላይ፣ ዳገት ላይ፣ አራት ሰው ጭኖ ሲረገጥ ግን ያው ትንሽ ሞተር አየር ታምቆበት እንደ ትልቅ ሞተር ይጠጣል፤ ሙቀቱን ለማብረድም ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት፣ የቮልስዋገንን የናፍጣ ቅሌት ያጋለጠውን ፍተሻ ያሠራው ማለት ነው፣ በቤተ ሙከራና በመንገድ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 9 በመቶ ገደማ እንደነበርና በ2015 ከ40 በመቶ በላይ እንደደረሰ አሳይቷል። ልዩነቱን ሁሉ ትንሽ ሞተር አመጣው አልልም፤ ፈተናውን ለማለፍ የተሠራ መኪና መንገድ ላይ ሌላ መኪና ሆኖ መገኘቱን ግን ማንም አይክድም። መለኪያው ከ2017 ወዲህ ተቀይሯል። በድሮው መለኪያ የተሸጡት መኪኖች ግን ዛሬም የእኛ ሰው እጅ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ስለ ቅንጦት። ፍጥነት ከሆነ ጥያቄው፣ አዲሶቹ ትንንሽ ሞተሮች ፈጣን ናቸው። ከላይ ያነሣሁት 328አይ ከቀዳሚው በፈረስ ጉልበት በጥቂቱ ይበልጣል፤ ጎታች ኃይሉን ደግሞ ገና ከ1,250 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ይህን የሚክድ ሰው መኪናውን አልነዳውም። ግን ለቅንጦት መኪና ገንዘብ የሚከፈለው ለፍጥነት ብቻ ነው እንዴ? ፍጥነትማ ከዚያ በርካሽ ይገኛል። የ2018 ሆንዳ አኮርድ 2.0 ሊትር ተርቦ 252 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ የሚጠጣውም ተራውን ቤንዚን ነው። የ2019 መርሴዲስ ሲ 300 ደግሞ 255 የፈረስ ጉልበት ያለው 2.0 ሊትር ተርቦ ሲሆን ውዱን ፕሪሚየም ቤንዚን ይጠይቃል። የዋጋቸው ልዩነት ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ስለዚህ ያ ትርፍ ገንዘብ ሌላ ነገር መግዛት አለበት።

ያ ሌላ ነገር ልስላሴ ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ባሉት ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጥሩት ግፊያ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ የአንዱን ውርወራ ሌላው ይመልሰዋል፣ ሞተሩም ረግቶ ይዞራል። መሪው ላይ ያለ እጅ፣ ወንበሩ ላይ ያለ ጀርባ ይህን ያውቃል። አራት ሲሊንደር ግን በተፈጥሮው ክራንክ ሻፍቱ አንዴ ሲዞር ሁለቴ የሚመታ መርገብገብ ይተርፈዋል፤ ለዚህ ነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሚዛን ጠባቂ ዘንጎች የሚገጠሙለት። ሦስት ሲሊንደር ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወዛወዝ ባሕርይ አለው። ቢኤምደብሊው ከ2015 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ በሸጠው 318አይ ውስጥ 136 የፈረስ ጉልበት ያለው ሦስት ሲሊንደር ከቷል። መሐንዲሶቹ መርገብገቡን በዘንግ፣ በጎማ ሞተር መያዣ፣ በድምፅ ማፈኛ አፈኑት፤ በርትተው እንደሠሩም እመሰክራለሁ። ግን የታፈነ ሞተርና ከመሠረቱ ጸጥ ያለ ሞተር አንድ አይደሉም። ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ መሪውን ያዙት፤ ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል። ድምፁንም መመለስ ሲያቅት በድምፅ ማጉያ የሞተር ድምፅ እያጫወቱ ወደ ውስጥ የሚልኩ መኪኖች መጡ። ለዚህ አንድ ዶላር አልከፍልም።

ደንበኛው ስድስቱን እንደሚወድ ኩባንያዎቹ በሚገባ ያውቃሉ። አላጠፉትም፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ሰቀሉት እንጂ። በ2020 ሞዴል ባለ አራት ሲሊንደሩ 330አይ ወደ 41 ሺህ ዶላር ሲጠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ኤም 340አይ በ54 ሺህ ዶላር መጣ። የመግቢያው መኪና ድሮ ይሰጥ የነበረውን ነገር ለማግኘት ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ተጨማሪ ክፈሉ ማለት ነበር። በእርግጥ አዲሱ ስድስት ከድሮው እጅግ ይበረታል፤ እኔ ግን ጉልበት አልጠየቅሁም፣ እርጋታውን ነው የጠየቅሁት። ብርሌው ያው ሆኖ ጠጁ ቀጠነ፤ ደንበኛው የድሮውን ጠጅ ሲጠይቅ ወደ ላይኛው ክፍል ውጣና ጨምረህ ክፈል ተባለ። ሌክሰስ እንኳ በ2016 የአይኤስ 250ን ቪ6 በ2.0 ሊትር ተርቦ ሲተካ፣ በአራቱም ጎማ ለሚጎተተው አይኤስ 300 ግን ተርቦ የሌለውን 3.5 ሊትር ቪ6 ትቶለታል። ስለዚህ አይቻልም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ይቻላል፤ አንድ ኩባንያ አድርጎታል።

ሲኤልኤ ሲመጣ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? በየካቲት 2013 በሱፐር ቦውል ማስታወቂያ ላይ ተዋናዩ ዊለም ዳፎ ሰይጣን ሆኖ ቀረበ። ለአንድ ወጣት መኪናውንና ዝናውን ሁሉ አሳይቶ ነፍስህን ፈርምልኝ ይለዋል። ወጣቱ በመስኮት ሲያይ ትልቅ ሰሌዳ ላይ 29,900 ዶላር ይላል፤ ውሉን ሳይፈርም ይተወዋል። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ የመርሴዲስ ኮከብ አሁን ለአንተም ይደርስሃል። ይህ ማስታወቂያ ያነጣጠረው ተራው ሠራተኛ ልብ ላይ ነው። ታዲያ ልቡን ከነካችሁት በኋላ ሞተሩ ሲታመም ለምን ትሸሹታላችሁ?

ይታመማልና። ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ሲገደድ ሙቀቱና ግፊቱ ይጨምራል። ዘይቱ ቶሎ ይደክማል። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ የለም፤ ጥላሸት ይጋገርባቸዋል። ይህ የእኔ ሐሜት አይደለም፣ መዝገብ ላይ ያለ ነው። ከ2012 እስከ 2015 ባሉት የቢኤምደብሊው ባለ 2.0 ሊትር ተርቦ መኪኖች ላይ መካኒኮች ታይሚንግ ቼን የሚሉትን ሰንሰለት የሚመሩት የፕላስቲክ ክፍሎች ያረጃሉ ተብሎ የጋራ ክስ ቀረበ፤ በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው የጥገና ሽፋኑን አራዘመ። ከ2009 እስከ 2011 ሞዴል በሆኑ አንዳንድ የአውዲ 2.0 ሊትር ተርቦ መኪኖች ላይም ዘይት ይበላሉ ተብሎ ተከሶ ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። ሽፋኑ ሲራዘም ግን ማን ነው ደብዳቤው የሚደርሰው? በሊዝ ወስዶ የመለሰው ሰው መኪናውን ረስቶታል። ሦስተኛው ገዢ አድራሻው መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ቢደርሰውም የሕግ ቋንቋውን የሚተረጉምለት ልጁ ትምህርት ቤት ነው።

የአክስቴ ልጅ ስሙን የማልጠራው ኩባንያ የሠራውን ያገለገለ ሴዳን ገዝቶ ዓመት ሳይሞላው ተርቦው ወደቀ። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው የአገራችን ልጅ ጋ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ለሊዝ የተሠራ ነው። ለእኛ ብለው አይደለም የሠሩት” አለኝ። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። የጥገናው ዋጋ መኪናው ከሚያወጣው ግማሹን ይጠጋል። “ወንድም ጋሼ፣ አሁን ምን ይሻለኛል?” ሲለኝ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም፤ ንዴቴ እንጂ።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፤ እዚያም ግን ሞተሩን የሚለካው ግብሩ ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ መኪና እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ከሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 100 በመቶ አስከፈለ። መርሴዲስ ከሬኖ ጋር የሠራው የኤ ክላስና የሲኤልኤ ትንሽ ሞተር 1,332 ሲሲ ነው፤ በ32 ሲሲ ምክንያት ከ5 ወደ 60 በመቶ ይሻገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ለአዲስ አበባ ከፍታ ተርቦ ጥሩ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ተርቦ ግን የጎደለውን አየር ጠቅጥቆ ያስገባል። ለዚያች ከተማ የተሠራ፣ ዘይቱም መለዋወጫውም የሚገኝለት ትንሽ ተርቦ ቢኖር ኖሮ አጨበጭብ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሁን ያሉት እስኪያልቁ ድረስ በጋራዥ ብልሃት ይኖራሉ። እነሱንም የሚያክመው ሌላ ማንም አይደለም፤ መርካቶ መለዋወጫ ፍለጋ የሚዞረው መካኒክ ነው።

ትንሽ ሞተርን ጠላህ የሚለኝ ይኖራል። የመጀመሪያው የቢኤምደብሊው ኤም3 በ1986 ሲወለድ አራት ሲሊንደር 2.3 ሊትር ነበር፤ ያንን መኪና እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ የ3 ቁጥር መኪኖች በ1975 ሲወጡም አራት ሲሊንደር ነበሩ። አራት ሲሊንደር መሆናቸውንም የደበቀ አልነበረም። የምጠይቀው ያንን ግልጽነት ነው። 1.5 ሊትር ከሆነ 1.5 ብላችሁ ኋላው ላይ ጻፉት። ሦስት ሲሊንደር ከሆነ ዋጋው ሦስት ሲሊንደር መሆኑን ያሳይ። ለወንበሩ፣ ለጸጥታው፣ ለአደጋ መከላከያው የምታስከፍሉትን ለይታችሁ አስከፍሉ፤ ገዢው የሚከፍልበትን ያውቃል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋስትናው። የጀርመኖቹ ዋስትና አሜሪካ ውስጥ 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ላይ ያበቃል፤ የሊዝ ደንበኛ መኪናውን ከመለሰ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። የኮሪያው ጀነሲስ ለሞተርና ለካምቢዮ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ይሰጣል፣ ሙሉው ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። ትንሹ ሞተራችሁ እንደምትሉት ጠንካራ ከሆነ፣ የአሥር ዓመቱ ዋስትና ከሞተሩ ጋር ይሂድ፤ መኪናው አራት እጅ ቢቀያየርም አብሮት ይቀያየር። ይህን የሚፈርም ኩባንያ ካለ ባለ 1.5 ሊትሩን እኔ ራሴ እገዛዋለሁ፣ ለዘመዶቼም ግዙ እላለሁ። እስከዚያው ያገለገለ የቅንጦት ሴዳን ልገዛ ነው ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፦ ከመፈረምህ በፊት መኪናውን የእኛ ሰው ጋራዥ ውሰደው፣ ኮፈኑን አስከፍት፣ ዘይት የተቀየረበትን መዝገብ ጠይቅ፤ ሻጩ መኪናው ከግቢ አይወጣም ካለህ ቁልፉን መልስለትና ወደ ቤትህ ሂድ።